ገና ያልሰመጠው መኪና

ባልቲክ ረግቶ አደረ፣ እንደ እርጎ በቅል፤
ጀልባዋ ከወደቡ ተጣብቃለች፣ መርከበኛው ያንኮራፋል።
ከሂዩማ ደሴት እስከ የብሱ፣ ነጭ ሜዳ ብቻ ይታያል፤
ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዟል፦
«የበረዶው መንገድ ዛሬ ይከፈታል?»

እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፤
አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ የሌሎችን ቃል አጓጓዥ።
እንዴት እንደምንወስን አውቃለሁ፦
ኤንዴል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «ይበቃል» ይላል፣ «በረዶውን አውቀዋለሁ።»
ዕድሜው ሚዛን ነው፣ ሳሉ ማኅተም፤
ከዚያ ወዲያ እጅ ይወጣል፣ የሚጠይቅ የለም።
እስከ ዛሬ ዕድል ቀንቶን ሁሉ በሰላም አለፈ፤
ዕድሉም «ብልሃት» ተብሎ በእኔው እጅ ተጻፈ።

ዘንድሮ የሟች አጎቴን የሱፍ ቆብ ይዤ ገባሁ፤
ብጣሽ ወረቀት አደልኩ፣ በሩንም ዘጋሁ።
«ዛሬ አንመክርም» አልኩ፤ «ዛሬ ለቅሶ እንቀመጥ።
መንገዱን ከፍተናል እንበል፤ ሳምንት ሆኖታል፤
መኪና ሰምጧል። ‹ይሰምጥ ይሆን?› አይባልም፤ በቃ፣ ሰምጧል።
እንዴት እንደ ሰመጠ ጻፉ፤ ስም የለ፣ ወሬ የለ፤
አሥር ደቂቃ፣ ሁሉም ለየብቻው፣ ከገዛ ፍርሃቱ እየዋለ።»

«ሬሳ ሳይኖር ሙሾ!» ብሎ ኤንዴል ሳቀ፤
ከሳቁ በኋላ ግን እርሳሱን አነሣ፤ ክፍሉም ጭጭ ብሎ ደረቀ።

ከቆቡ አንድ በአንድ አወጣሁ፦
«ሹፌሩ ቀበቶውን አልፈታም፤ በሩም ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።»
«የወተት መኪና ነው። ሁለት ቶን አሉን፤ አራት ቶን ነበር።»
«ጉም ወረደ። የመንገዱ ምልክት ጠፋው። ወደ ሰሜን ታጠፈ። በረዶ አልነበር።»
«የሞተው ልጄ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።»
(የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።)
አንዱ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፦
«በየሁለት መቶ ሜትሩ፣ በየእንጨቱ ሥር፣ እንደታዘዝኩት ሰረሰርኩ፤ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር አገኘሁ።
በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው እንጨት መካከል ግን ውሃው ከታች ሲሮጥ በጫማዬ ሰማሁ።
እዚያ አልታዘዝኩም። የጠየቀኝ የለም።»

ወረቀቱ ስም የለውም፤ የቶኑ ጆሮ ግን ቀላ፤
ሰርሳሪው ልጅ፣ በሩ ሥር የሚቀመጥ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ፤
ሦስት ዓመት በስብሰባ አንዲት ቃል ያላወጣ፣
ላልሞተ ሰው ሲያለቅስ አንደበቱ መጣ።

አዋላጇ ማሬት ተነሣች፦ «ሌላም ሬሳ አለ፣ ያልጻፍነው፤
መንገዱ ሳይከፈት ቀርቶ፣ በምጥ ላይ ያጣናት ሴት ነው።
አለመክፈትም ውሳኔ ነው፤ እሱንም እዚሁ ቆብ እንክተተው።»

በወረቀቱ መሐል መስመር አሰመርኩ፤ ከፍተን የሞተው በግራ፣ ዘግተን የሞተው በቀኝ፤
የሄሊኮፕተሩን ስልክ ግድግዳ ላይ ለጠፍን፣ ለሌሊት እንዲገኝ።
ሳንለካ ቃል ተገባባን፣ ልባችን ሳያዳላ፣ ማንም ሳይቆጣ፦
አንዲት ጉድጓድ ከሃያ ሁለት ብታንስ አንከፍትም፣ የፈለገው ቢመጣ።

ቶኑ ሄደ፤ በእንጨቶቹ መካከል ሰረሰረ፤
አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር። የሰው ሁሉ ትንፋሽ በአየር ላይ ቀረ።
ኤንዴል መለኪያውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ፣ ራሱ ለካ፤
«ዕድሜዬ በረዶ አያወፍርም ለካ!»

አራት ቀን ዘገየን። ሰደበን ባለወተቱ፣ ሰደበን ነጋዴው።
በአምስተኛው ብርዱ በረታ፤ መካከሉም ሃያ አራት ሞላ፤ ተከፈተ መንገዱ።
መኪኖች ቀበቶ ፈትተው፣ ተራርቀው ሄዱ።
ማንም አልሰመጠም።

በመጋቢት፣ ባሕሩ ሲንቋቋ፣ ኤንዴል ወደ እኔ ዞረ፦
«ሌይዳ፣ ባንዘገይስ? ምናልባት ያው በሰላም ይታለፍ ነበረ?»
«ምናልባት» አልኩት። እውነቴን ነው።
ያልሰመጠ መኪና ምስክር አይቆምም፤ አመሰግናለሁም አይል።

መዝገቡን ገለጥኩ፦
«ዘንድሮ የደረሰ አደጋ የለም።»
ካለፉት ዓመታት ጋር ቃል በቃል አንድ ነው።
ከሥሩ ግን በእርሳስ ጨመርኩ፣ ሳስቶ እንዲታይ፦
«ዘንድሮ ጠይቀን ነበር።»